አለመጠየቅ ጥሩ ቢራም ያስቀራል

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ዳላስ፣ ቴክሳስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለና «ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አንዲት አነስተኛ ቢራ መጥመቂያ ልንገዛ ነው፤ እርስዎም አክሲዮን ይግቡ» አለኝ። ቢራውን ሳልቀምስና ገበያውን ሳላይ ሳንቲም እንደማላወጣ ነገርኩት። «እንግዲያው መጥተው ይዩት» አለ። ለሌላ የንግድ ጉዳይ ወደዚያው የምሄድበት አጋጣሚ ስለነበረኝ ሄድኩ።

ዳላስ የመኪና ከተማ ናት። ቤተሰብ ውጭ እራት እንብላ ሲል የሚሄደው በአብዛኛው አውራ ጎዳና ዳር ወደተደረደሩት፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ወዳላቸው ሬስቶራንቶች ነው። ልጆቹ ምግቡን ያውቁታል፤ መኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው፤ ዋጋውም አያስደነግጥም። እኔም በሰባት ቀን ውስጥ አምስት እንዲህ ያሉ ቤቶችን ጎበኘሁ። ሥራዬ ግን ምግብ መብላት ብቻ አልነበረም፤ ቢራ ፍለጋም ጭምር እንጂ።

በመጀመሪያው ምሽት ምን ቢራ እንዳላቸው ጠየቅሁ። አስተናጋጇ ስድስት ስም በአንድ ትንፋሽ ጠራችልኝ። ስድስቱም በዓለም ዙሪያ የሚታወቁ፣ እኛም ዘንድ በማስታወቂያ የምናውቃቸው ናቸው። አንዱን አዘዝኩ። በረዶ በለበሰ ብርጭቆ መጣ፤ ቅዝቃዜው ምላስ ስለሚያደነዝዝ ቢራ ይሁን የቀዘቀዘ ውሃ መለየት አስቸገረኝ። እጄን ለመታጠብ ስነሳ ግን በባሩ በኩል አለፍኩ። እዚያ ከተደረደሩት የድራፍት እጀታዎች መካከል በቴክሳስ የሚጠመቁ የሁለት አነስተኛ ጠማቂዎች ቢራ አየሁ። አስተናጋጇ ለምን እንዳልጠራቻቸው ብጠይቃት «እነሱ ሜኑው ላይ የሉም» አለችኝ። ጥሩው ቢራ ቤቱ ውስጥ ነበረ። የጠፋው ከወረቀቱ ላይ ነው።

የዚህ ጽሁፍ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ሬስቶራንት ገብቶ ጥሩ ክራፍት ቢራ ያጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ያጣው ቢራውን አይደለም፤ ጥያቄውን ነው።

ምክንያቱን ነጋዴ በቀላሉ ይረዳዋል። የእነዚህ ሬስቶራንቶች የመጠጥ ዝርዝር የሚወጣው ዋናው መስሪያ ቤት ነው። ዋናው መስሪያ ቤት በሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት ዕቃ፣ በአንድ ዓይነት ዋጋ፣ ሳይቋረጥ የሚያቀርብለት ይፈልጋል። ይህን የሚችለው ትልቅ ፋብሪካ ነው። በሳምንት ጥቂት በርሜል የሚጠምቅ ሰው ለመቶ ቅርንጫፍ ማቅረብ አይችልም። ስለዚህ ትልልቆቹ ሜኑውን ይይዛሉ። ለአካባቢው ጠማቂ ቢበዛ አንድ ሁለት ቧንቧ በቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ፈቃድ ይተውለታል። ያቺ ቧንቧ ሜኑ ላይ ስለማትወጣ የማይጠይቅ ደንበኛ አያገኛትም።

የአሜሪካ ሕግ ይህን ዓይነቱን ጉዳይ ቀድሞ አስቦበታል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እ.ኤ.አ. በ1920 የመጠጥ ክልከላ ከመጣሉ በፊት ብዙ መጠጥ ቤቶች የጠማቂዎች ጥገኛ ነበሩ። ጠማቂው ዕቃውን፣ ብድሩን፣ አንዳንዴም ቤቱን ራሱን ይሰጣል፤ ባለመጠጥ ቤቱ የሌላ ሰው ቢራ አይሸጥም። ክልከላው በ1933 ሲነሳ ይህ እንዳይደገም ጠማቂው፣ አከፋፋዩና ቸርቻሪው ሦስት የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ የሚያደርግ ሥርዓት በየግዛቱ ተዘረጋ። በ1935 የወጣው የፌደራል ሕግም ቸርቻሪን በስጦታና በገንዘብ አስሮ ተፎካካሪን ማስወጣትን ከለከለ።

ሕግ አለ ማለት ግን ሁሉም ይጠብቀዋል ማለት አይደለም። በ2016 በማሳቹሴትስ ግዛት አንድ አከፋፋይ ቢራው ከቧንቧ እንዲገባለት ለመጠጥ ቤቶች ገንዘብ ከፍሏል ተብሎ 2.6 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሏል። አስገራሚው ነገር አከፋፋዩ በተለይ የሚታወቀው በክራፍት ቢራ መሆኑ ነው። ቧንቧ ገንዘብ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ሌላው ጥንቃቄ የስም ጉዳይ ነው። የትንሽ ጠማቂ መልክ ያለው ሁሉ የትንሽ ጠማቂ አይደለም። ብዙ ሬስቶራንት የማይጠፋው ብሉ ሙን በ1995 ከትልቁ ከኩርስ ቤት የወጣ ነው። የቺካጎው ጉስ አይላንድ በ2011 በ38.8 ሚሊዮን ዶላር፣ የሂዩስተኑ ካርባክ በ2016 ለዓለም ትልቁ የቢራ ኩባንያ ተሽጠዋል። የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር አንድን ጠማቂ «ክራፍት» ለማለት የዓመት ምርቱ ከ6 ሚሊዮን የአሜሪካ በርሜል፣ ማለትም ከ7 ሚሊዮን ሄክቶሊትር ያህል እንዳይበልጥ፣ ራሱ ክራፍት ያልሆነ የመጠጥ ኩባንያም 25 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ድርሻ እንዳይኖረው ይጠይቃል። ይህን ስል የተሸጠ ቢራ ሁሉ ተበላሽቷል ማለቴ አይደለም። ሰው ገንዘቡ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ ያውቅ ዘንድ ነው።

እንግዲህ ወደዚያ አገር ለንግድም ሆነ ዘመድ ለመጠየቅ ለምትሄዱ አንባቢያን በሰባት ቀን የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ከመቀመጣችሁ በፊት በባሩ በኩል እለፉና እጀታዎቹን ራሳችሁ አንብቡ። ቀጥሎ «ከዚህ በጣም ቅርብ የሚጠመቀው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በሦስተኛ ደረጃ በርሜሉ መቼ እንደተከፈተ ጠይቁ። ድራፍት እንደ ጠላ ነው፤ ሲቆይ ይከዳል። ጠማቂዎቹ ቧንቧው በየ14 ቀኑ እንዲታጠብ ይመክራሉ፤ የኮመጠጠ ወይም ቅቤ ቅቤ የሚል ቢራ ከመጣላችሁ ጥፋቱ የጠማቂው ሳይሆን የቧንቧው ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም በረዶ ያልለበሰ ብርጭቆ እዘዙ፤ ከማዘዛችሁ በፊትም ትንሽ ቅምሻ ለምኑ። ብዙ ቤት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ነውር አይደለም።

ከቻላችሁ ደግሞ ቤቱን ምረጡ። ቢጄስ የሚባለው ድርጅት በ1978 በካሊፎርኒያ በፒዛ ቤትነት ተነስቶ ከ1996 ጀምሮ የራሱን ቢራ መጥመቅ የጀመረ ነው። ያርድ ሀውስ በዚያው በ1996 ሎንግ ቢች ላይ የተከፈተው በቧንቧ ብዛት ስም ለማውጣት ነው። በ2012 ዳርደን የተባለው የሬስቶራንት ኩባንያ በ585 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። የቢራ ምርጫ ራሱ ዋጋ እንዳለው ገበያው መስክሯል ማለት ነው።

አስተናጋጅን በጥያቄ ማድከም ተገቢ አይደለም የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ቀጣዩን በርሜል የሚያዘው የተጠየቀውን አይቶ ነው። ደንበኛ ዝም ካለ ያቺ አንዷ ቧንቧም ነገ ለትልቁ ትሰጣለች።

አሁን ወደ አክሲዮኑ ልመለስ። የአክስቴ ልጅ መጥመቂያውን ሲያስጎበኘኝ ጋኖቹን ቆጠረልኝ። እኔ ግን የጠየቅሁት ስለ ቧንቧ ነበር። ሬስቶራንት የሚገባው ትልቁ የድራፍት በርሜል 58 ሊትር ተኩል ያህል ይይዛል። ግማሽ ሊትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው በእነሱ ብርጭቆ ሲቀዳ 124 ይወጣዋል። አንዱ በ7 ዶላር ቢሸጥ፣ ፍሳሹ ሳይቀነስ፣ 868 ዶላር ነው። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ሬስቶራንቱ የራሱን፣ አከፋፋዩ የራሱን ወስደው ነው የተረፈው ለጠማቂው የሚደርሰው። ያው ቢራ በጠማቂው በራሱ አዳራሽ ሲሸጥ ግን ትርፉ እዚያው ይቀራል። ቴክሳስ በ2013 አነስተኛ ጠማቂዎች በዓመት እስከ 5 ሺህ በርሜል፣ ወደ 5 ሺህ 900 ሄክቶሊትር፣ በግቢያቸው እንዲሸጡ ፈቀደች። በ2019 ደግሞ ደንበኛ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይዞ እንዲሄድ ፈቀደች።

የዘመዴ ወዳጆች ያወጡት ዕቅድ ግን ከምርቱ አብዛኛውን ለባለ ቅርንጫፍ ሬስቶራንቶች ለማቅረብ ነው። በእጃቸው ያለው ውል ግን የለም፤ ተስፋ ብቻ። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ መቶ የማይሞሉ ጠማቂዎች ነበሩ፤ ዛሬ ከ9 ሺህ በላይ ናቸው። ያቺን አንዷን ቧንቧ ስንቱ እንደሚጠብቃት አስሉት። በ2024 ከተከፈቱት ይልቅ የተዘጉት መጥመቂያዎች በልጠዋል። «ወንድሜ፣ ቢራችሁ ጥሩ ነው፤ ሂሳባችሁ ግን አልቀመሰልኝም። አዳራሹን አስፋፉና እንደገና ደውልልኝ» አልኩት። ትንሽ ቅር አለው። ቅር ያለው ዘመድ ግን ከከሰረ ዘመድ ይሻላል።

ይህ ነገር የእኛንም ደጅ ያንኳኳል። ጊዮርጊስ በ1922 ከተመሰረተ ወዲህ የቢራ ገበያችን ብዙ ተለውጧል። ካስቴል በ1998 ጊዮርጊስን፣ ሃይነከን በ2011 በደሌንና ሐረርን ገዝተዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች ያቋቋሙት ሐበሻ በ2015 ገበያ ገብቷል። ሆኖም ድራፍት ቤት ስትገቡ ታፔላው፣ ጃንጥላው፣ ወንበሩና ማቀዝቀዣው የአንዱ ፋብሪካ ከሆነ ጃምቦው የማን እንደሚሆን ሳይነገራችሁ ታውቃላችሁ። ነገ አነስተኛ ጠማቂ እሆናለሁ የሚል ባለሀብት ቢነሳ የመጀመሪያ ጥያቄው ብቅል ከየት ይመጣል ሳይሆን የሚቀዳልኝ ማን ነው መሆን አለበት።

አባቶቻችን አለመጠየቅ ደጃዝማችነት ያስቀራል ይሉ ነበር። ደጃዝማችነቱ ዛሬ የለም። ቢራው ግን አለ፤ ከባሩ ጀርባ፣ ሜኑው ላይ ባልተጻፈችው ቧንቧ። ጠጪም ባለአክሲዮንም ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ።