እና ሌሎችም

«ሰሞኑን ምን የሚታይ ቴአትር አለ?» ለሚሉኝ ወዳጆቼ መልስ ፍለጋ ማስታወቂያ ባነበብኩ ቁጥር የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። «እና ሌሎችም» የምትለዋ ሐረግ! ደራሲው በትልቁ ይጻፋል። አዘጋጁ ይጻፋል። ፕሮዲዩሰሩም (ብሩን ያወጣ እሱ ነውና ምን ይደረግ) ይጻፋል። ከዚያ በቴሌቪዥን ድራማ ፊታቸውን የለመድናቸው ሁለት ሦስት ተዋንያን ይደረደሩና «እና ሌሎችም ይተውኑበታል» ተብሎ ይዘጋል።

ለመሆኑ እነዚህ «ሌሎች» እነማን ናቸው? መድረኩን ተሸክመው የሚያመሹት ናቸዋ! ዋናው ተዋናይ ቃለ ተውኔቱ ጠፍቶት ሲንተባተብ፣ ቡና ልታቀርብ የገባች መስላ አንድ ቃል ጣል አድርጋ ከጉድ የምታወጣው የቤት ሠራተኛዋ ነች። ቴአትር እንደ ፊልም ቆርጦ የሚቀጥልለት የለውም። እኔ ቴአትር የምመርጠው በእንዲህ ዓይነቶቹ ነው፤ ስማቸውን ግን ከየት ላምጣው?

ጋዜጠኞቻችንም ከማስታወቂያ ሠሪው አይሻሉም። በምረቃው ዕለት በግብዣ ካርድ ገብተው ያዩና «ተዋንያኑ ብቃታቸውን አስመስክረዋል» ይሉናል። በምን አስመሰከሩ? በድምፅ? በአረማመድ? በዝምታ? መልስ የለም። የቀረውን ዓምድ የቴአትሩን ታሪክ ሲተርኩ ይጨርሱታል፤ ይኼንን እኮ ከፍለን ገብተን እናየው ነበር! «ባቢሎን በሳሎን» በብሔራዊ ቴአትር ከአሥር ዓመት በላይ ታይቷል። አንድ ተዋናይ ስንት ጊዜ የተናገረውን ቀልድ ዛሬ እንደመጣለት አድርጎ የሚናገረው እንዴት ነው? ይኼን ሊያይ በአምስተኛው ዓመት ቲኬት ቆርጦ የተመለሰ ሃያሲ ካለ እጅ እነሣዋለሁ።

የስም ወግ ብቻ ቢሆን ባለፍኩት ነበር። ድርሰት ይታተማል፤ ትወና ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ያልቃል። ወጋየሁ ንጋቱ የመድረክ ሰው ነበር። ዛሬ ስሙ ሲነሣ ጆሯችን ላይ የሚመጣው ግን በሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ቴፕ አስቀርቶልናላ። ደበበ እሸቱንም እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ፊልም ላይ ፈልጎ ማየት ይቻላል። መድረክ ላይ የሠሩትንስ? ያዩ አዛውንት ፈልጎ መጠየቅ ነው፤ እነሱም «አይ፣ ያን ጊዜ ቀረ!» ብለው ይተነፍሳሉ እንጂ ምን እንደቀረ አይነግሩንም። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በ«ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት ድርሰቱ የመኰንን እንዳልካቸው እንደነበር ብዙ ሰው ያውቃል። ኦርዮን ሆኖ የቆመው ማን ነበር ብላችሁ አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁማ!

ወዝ ታክል ነገር ያደረገ ሁሉ ስሙ ይጻፍ፤ ጋዜጠኛውም ያየውን ይጻፍ፣ ሦስት መስመር ትበቃለች። ይኼን ለአንድ ማስታወቂያ ሠሪ ብነግረው «ቦታ የለም» አለኝ። ፖስተሩን አየሁት። የታችኛው ሢሶ የስፖንሰሮች አርማ ነው፤ ከእነሱ ውስጥ «እና ሌሎችም» የተባለ አንድም የለም።