ስለ ዐይን ሞራና በዐይን ውስጥ ስለሚተከለው ሌንስ

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ የሀብሩን ወረዳ አቋርጦ በመርሳ ከተማ ያልፋል። የመርሳ ገበያ በቆመበት ቀን በዚህ መንገድ ዳር ጥቂት የቆየ ሰው ማሽላ የጫነውን፣ ፍየል የሚነዳውን፣ ብርቱካንና ማንጎ የተሸከመችውን ሁሉ ያያል። እኛም በአንድ የገበያ ቀን በዚያ ስናልፍ፣ ከገበያተኛው መካከል አንድ በትር ከሁለት ጫፍ ይዘው የሚሄዱ ሁለት ሰዎች አየን። ከፊት ያለው ዐሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው፤ ከኋላ የሚከተሉት አያቱ ናቸው። የባልቴቲቱ ብሌኖች የወተት ጠብታ የወደቀባቸው ይመስላሉ።

«እማማ፣ ዐይንዎን ሐኪም አይቶት ያውቃል?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «የዕድሜ ነው ልጆቼ፤ ሰባ ዓመት አየሁበት፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?» ብለው ሣቁ። ልጁንም ትምህርት ቤት ይሄድ እንደ ሆነ ጠየቅነው። «ትቼዋለሁ፤ እማማን ማን ይመራቸዋል?» አለን።

ባልቴቲቱ ከተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። የዐይን ሞራ አብዛኛውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። ነገር ግን «ምን ይደረጋል» ለሚለው መልሱ ከተገኘ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ በዚህ ወር በዚህ ዐምድ፣ በሰው ዐይን ውስጥ ስለሚተከለው ትንሽ ሌንስ፣ እንዴት እንደ ተገኘና ከእኛ አገር ቤት ለመድረስ ምን እንደ ቀረው ልንጽፍ ወደድን።

ብዙ ሰው ሞራን ከውጭ መጥቶ ዐይንን የሚጋርድ ቆዳ አድርጎ ያስበዋል። እንዲህ አይደለም። ከብሌናችን በስተ ኋላ ምስር የምታህል፣ እንደ ንጹሕ ውኃ የጠራች አንዲት የተፈጥሮ ሌንስ አለች። በእርግጥም ሌንስ የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ ምስር ማለት ነው። የዚህች ሌንስ ሥራ ብርሃኑን ሰብስባ በዐይን ውስጠኛ ገጽ ላይ ማሳረፍ ነው። ጥሬ እንቍላል ሲቀቀል ጥርት ያለው ውኃው ነጭ እንደሚሆን፣ ይህችም ሌንስ በዕድሜ ብዛት፣ አንዳንድ ጊዜም በስኳር በሽታ ወይም በደረሰባት ጉዳት ምክንያት ትደፈርሳለች። የተቀቀለ እንቍላል ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ሁሉ የደፈረሰችውን ሌንስ የሚያጠራ ጠብታም፣ ቅጠልም፣ መነጽርም የለም። መፍትሔው እርስዋን አውጥቶ በምትክዋ ሌላ ማስቀመጥ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ ከመቶ 1.6 የሚሆነው ዐይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሹ ያህል ብርሃኑን ያጣው በሞራ ምክንያት መሆኑን አሳይቶ ነበር።

ማውጣቱስ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ከባዱ መተካቱ ነበር። የአባቶቻችን ዘመን ሐኪሞች ሌንሲቱን ካወጡ በኋላ ለሕመምተኛው እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ይሰጡት ነበር። ያ መነጽር ነገሩን ሁሉ አግዝፎ ያሳያል፤ የጎኑን ዓለም ግን ይሰውራል፤ ከወደቀና ከተሰበረም ሰውዬው እንደ ገና ወደ ጨለማው ይመለሳል። ታዲያ ለምን በዚያው በዐይን ውስጥ ምትክ አይቀመጥም ቢባል፣ ሐኪሞቹ የሚሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ ሥጋ ባዕድ ነገር አይቀበልም የሚል።

ይህን መልስ ያናወጠው የጦር ሜዳ ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1940 ጎርደን ክሊቨር የሚባል እንግሊዛዊ አይሮፕላን ነጂ በውጊያ ላይ ሳለ አይሮፕላኑ ተመታ፤ የመቀመጫው መከለያ ተሰባብሮ ስብርባሪው በሁለቱም ዐይኖቹ ውስጥ ገባ። መከለያው የተሠራው ፐርስፔክስ ከሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነበር። እንዲህ ያሉ ቁስለኞችን ያክሙ የነበሩት የለንደኑ የዐይን ሐኪም ሐሮልድ ሪድሊ አንድ የሚያስገርም ነገር አስተዋሉ። ብረት ወይም ሌላ ነገር በዐይን ውስጥ ሲቀር ዐይኑ ይቀላል፣ ይመግላል፣ ይጠፋል፤ ይህ ፕላስቲክ ግን ለዓመታት ተቀምጦ ዐይኑ በሰላም ኖረ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ኦፕራሲዮን ሲመለከት የነበረ አንድ ተማሪ፣ የወጣችውን ሌንስ በሌላ አለመተካታቸው እንደ ገረመው ነገራቸው ይባላል። ልጅ የሚጠይቀውን ጥያቄ ሊቅ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም።

ሪድሊ ከዚያው ፕላስቲክ ሌንስ አሠርተው እ.ኤ.አ. በኅዳር 29 ቀን 1949 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በአንዲት ሴት ዐይን ላይ የመጀመሪያውን ሙከራ አደረጉ። ሥራው ፍጹም ነበር ብንል ውሸት ይሆናል። የሌንሱ ብርታት ከሚገባው በላይ ሆኖ ሴትዮዋ ያለ መነጽር ሩቅ ማየት አልቻለችም። በኋላም በሌሎች ዐይኖች ውስጥ ሌንሱ ከቦታው የሚንሸራተትበት ጊዜ ነበር። ሪድሊ ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1951 በጉባኤ ፊት ሲያቀርቡ ታላላቆቹ የሞያ ባልደረቦቻቸው አላመሰገኗቸውም፤ ሕመምተኞቹን ለማየት እንኳ እምቢ ያሉ ነበሩ። የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲህ ላለው ሌንስ የመጀመሪያውን ፈቃድ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ከዚህ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ሌላ ነው፤ ያ የቈሰለው አይሮፕላን ነጂ እ.ኤ.አ. በ1987፣ በተረፈችው አንድ ዐይኑ ላይ ሞራ ወጥቶበት፣ በእርሱ ጉዳት ምክንያት የተፈለሰፈው ሌንስ ለእርሱም ተተከለለት። ሪድሊም በስተርጅናቸው በሁለቱም ዐይኖቻቸው ይኸው ሌንስ ገብቶላቸው፣ የፈለሰፉትን ነገር በራሳቸው ዐይን አይተውበት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ዐረፉ።

ይሁን እንጂ ፈጠራው በዚህ አላለቀም። በ1980ዎቹ የአንድ ሌንስ ዋጋ ከመቶ ዶላር በላይ ነበር። ይህን ገንዘብ የሀብሩ ገበሬ ከየት ያመጣዋል? በሕንድ አገር ዶክተር ቬንካታስዋሚ የሚባሉ፣ ጣቶቻቸው በቍርጥማት የተጣመሙ ሐኪም፣ ለድኾች የዐይን ሆስፒታል አቋቁመው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ከዚሁ ሆስፒታል ጋር አውሮላብ የተባለ የሌንስ ፋብሪካ በማዱራይ ተከፈተ፤ ዋጋውም ወደ ዐሥር ዶላር፣ ከዚያም ከዚያ በታች ወረደ። ፍሬድ ሆሎውስ የተባሉት በአውስትራልያ ይኖሩ የነበሩ ሐኪምም እ.ኤ.አ. በ1987 በጦርነቱ መካከል ወደ ኤርትራ መጥተው፣ ሐኪሞች በዋሻና በዛፍ ጥላ ሥር ሲሠሩ አይተው፣ ሌንሱ እዚያው አገር ውስጥ መሠራት አለበት ብለው ተነሡ። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሞቱ ፋብሪካውን አላዩም፤ በተከታዩ ዓመት ግን በአስመራ ሥራውን ጀመረ። በኔፓልም ከሩቅ ተራራ መንደር የተወለዱት ዶክተር ሳንዱክ ሩዊት ተመሳሳይ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ በስፌት መዘጋት የማያስፈልጋት ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው ኦፕራሲዮኑን በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሱበትንም ዘዴ አስፋፉ። እርሳቸው ከአንድ አሜሪካዊ ባልደረባቸው ጋር ያቋቋሙት ድርጅት በኢትዮጵያም ውስጥ ሠርቷል፤ ሐኪሞችንም አሠልጥኗል።

በእኛ አሳብ የሪድሊ ሥራ የፈጠራው ግማሽ ነው፤ ዋጋውን ያወረዱት ሰዎች ሥራ ሌላው ግማሽ ነው። በሀብሩ ያለ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እዚያው በሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ጣቢያ አለ፤ የተሻሻለ የማሽላ ዘር በጣቢያው ቢበቅልና ከገበሬው ጎተራ ባይደርስ ማን ዘር ይለዋል?

እዚህ ላይ ከሞራ ጋር ዘወትር ስለሚምታታው ስለ ዐይን ግፊት፣ ሐኪሞች ግላኮማ ስለሚሉት በሽታ መናገር ግድ ነው። ሞራ ያጠፋውን ብርሃን ኦፕራሲዮን ይመልሰዋል፤ ግላኮማ ያጠፋውን ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚመልሰው የለም። ዐይንን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘውን ጅማት በዝምታ ይገድለዋልና። ስለዚህ ሁለቱንም «እርጅና ነው» ብሎ በአንድ ላይ መተው አደገኛ ነው፤ የቱ እንደ ሆነ የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው።

የግላኮማ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ የሚደረግ ጠብታ ነው፤ ጠብታ ግን ብዙ የሚባክን መድኃኒት ነው። ከምንጨምረው አብዛኛው በጉንጭ ይፈስሳል ወይም በዐይን ማዕዘን ባለችው ቀዳዳ ወደ አፍንጫና ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፤ ወደ ዐይን ውስጥ የሚዘልቀው ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። አረጋውያን በጾም ቀን «መረረኝ፤ ጉሮሮዬ ገባ» እያሉ ጠብታውን የሚተዉት ከዚህ የተነሣ ነው። ጠብታው ከተጨመረ በኋላ ዐይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዐይን ማዕዘን በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል ቀስ አድርጎ መጫን ምሬቱንም ይቀንሳል፤ መድኃኒቱንም በዐይን ውስጥ ያቈየዋል። የጾሙን ነገር ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይገባል እንጂ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

ፈልሳፊዎችም ይህን ብክነት አይተው ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ጁዳ ፎክማንና ዴቪድ ሎንግ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ በሲሊኮን ቱቦ ውስጥ የተዘጋ መድኃኒት በቱቦው ግድግዳ አልፎ በዝግታና በመጠን እንደሚወጣ ጻፉ። ከዚህ አሳብ ከተወለዱት አንዱ፣ ወሊድን ለማራራቅ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ነው፤ በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን እንዲሠሩ ሠልጥነዋል። ያንን ጉዳይ ባልና ሚስት ይመካከሩበት፤ እኛ እዚህ ያነሣነው ለአሠራሩ ስንል ነው። በዚሁ ዓይነት ለግላኮማ በዐይን ውስጥ ተቀምጦ መድኃኒቱን ለወራት በጥቂት በጥቂቱ የሚለቅ፣ ከእህል ቅንጣት ያነሰ ነገር እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ በ2023 መጨረሻም ሌላ፣ ከታይታኒየም የተሠራ፣ ተከተለው። ዋጋቸው በሺሕ በሚቈጠር ዶላር ነው። ሌንሱም በ1980ዎቹ ውድ ነበረ፤ እነዚህን የሚያረክስ ቬንካታስዋሚ ገና አልተነሣም።

ወደ መርሳዋ ባልቴት እንመለስ። ለሰሜን ወሎ ሰው የቆየው የዐይን ሕክምና ስፍራ ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ያው ቦሩ ሜዳ። ነገር ግን ከሀብሩ ቀበሌ ወርዶ እስከዚያ መድረስ ለባለ መኪና ቀላል፣ በበትር ለሚመራ ሰው ሌላ ነው። የመጓጓዣው፣ የመኝታው፣ አብሮ የሚሄደው ሰው የሚያጣው የሥራ ቀን፣ ይህ ሁሉ ሲደመር ከሌንሱ ዋጋ ይበልጣል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን በያዘበት ጊዜ በዞኑ ያሉ ሐኪም ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ በዚያ ጊዜ ተራ የደረሳቸው ሕመምተኞች ተራቸው አለፈ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገደኛውን ያስፈራ ነበር። እነዚህን መሰናክሎች የሚያነሣ ፕላስቲክ አልተፈለሰፈም።

ቤተ ሰብ ሊያደርገው የሚችለው ግን አለ። «ሞራው ይብሰል» እያሉ መጠበቅ የቀድሞ ዘመን ምክር ነው፤ ዛሬ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ የቆየ ሞራ ኦፕራሲዮኑን ያከብደዋል፤ ዐይኑንም ሊያሳምመው ይችላል። ጠበል የሚጠመቁ አረጋውያንም ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ጠበሉን ካዱ አይባልም። በየቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌና ባልቴት አንድ ዐይናቸውን አስሸፍናችሁ በሌላው በዐሥር እርምጃ ርቀት የቆመውን ሰው ጣት ያስቈጥሩ። መቍጠር ካቃታቸው ዳዊታቸውን ገልጠው የሚደግሙት በማየት ሳይሆን በቃላቸው መሆኑን ያን ጊዜ ታውቃላችሁ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ወደ መሬት ማጎንበስ፣ ከባድ ማንሣት፣ ዐይንን ማሸት፣ ውኃም ማስገባት ክልክል ነው፤ ጠበልም ቢሆን ውኃ ነው። ብዙ የሚሰግዱ እናቶች በዐቢይ ጾም ከታከሙ ይህን ለንስሐ አባታቸው አስቀድመው ይንገሩ። ምድጃ ካለበት ጢስ ቤት ውስጥም ለጊዜው አይግቡ። ዐይኑ ቢቀላ፣ ቢያምም፣ ያየው ብርሃን ቢቀንስ ነገ ሳይሉ መመለስ ነው። ሐኪሙ ስለ ተተከለው ሌንስ ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት ከሰጠ አይጣል፤ ሁለተኛው ዐይን ሲታከም ይጠየቃል። ሌላ ማስቀመጫ ከሌለ በዳዊቱ ማኅደር ውስጥ ይቀመጥ።