ድምቡሎ ስንት ያወጣል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለፋሲካ አንበሳሜ ሄጄ ነበር። (ለማታውቋት፦ አንበሳሜ በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ ያለች ከተማ ናት፤ አያቴ እዚያ ይኖራሉ።) በበዓሉ ማግስት አሮጌ ብር የሚገዛ አንድ ደላላ ቤት ለቤት እየዞረ እኛም ጋ ደረሰ። አያቴ ሳጥናቸውን ከፍተው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡና ፈቱት። ሦስት ማርትሬዛና አንድ ደርዘን የሚሆኑ ቀያይ ሳንቲሞች ነበሩ። ደላላው ማርትሬዛዎቹን በሚዛን መዝኖ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። ቀያዮቹን ዞር ብሎም አላያቸው። አያቴም "በሉ እናንተ ተጫወቱባቸው" ብለው ለጎረቤት ልጆች አከፋፈሏቸው። እኔም እየሳቅሁ አንዷን ለቀልድ ያህል ኪሴ ከተትኩ።

ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በእኔ እምነት በዚያ ጨርቅ ውስጥ ከነበረው ሁሉ መቀመጥ የነበረበት ደላላው የናቀው ነው።

"አበዛኸው!" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እስቲ መጀመሪያ ስለ ማርትሬዛ እናውራ።

ማርትሬዛ የሚሸጥላችሁ ሰው ቶሎ ብሎ የሚያሳያችሁ ዓመቱን ነው። "1780 ይላል፣ ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ ነው!" ይላችኋል። አትቸኩሉ። 1780 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ገንዘቧ ግን ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲቀረጽ ኖረ። ገበያው የለመደውን መልክ ካልሆነ አልቀበልም ስላለ ነው። 28 ግራም የምትመዝነውና ከመቶ 83 እጅ ንጹሕ ብር የሆነችው ይህች ገንዘብ ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይም ተቀርጻለች። ሙሶሊኒ በ1935 እ.ኤ.አ. የመቅረጫ መብቱን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ ያስቀረጻት እኛን ሲወር ሊከፍልባት ነው። እና ወዳጄ፣ አንገትህ ላይ ያንጠለጠልካት "የአያት ቅርስ" የወራሪው ስንቅ ልትሆንም ትችላለች።

ማርትሬዛ አትሰብስቡ እያልኩ አይደለም። እሷ ግን ጠበቃ አላት፤ ብርነቷ። ብር ሠሪው አቅልጦ መስቀል ቢያደርጋት እንኳ በዓለም ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ እህቶቿ ተቀርጸዋል። ቀይዋስ? ለቀይዋ ማን አላት?

ደብረ ታቦር የየጁ ራሶች መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ትልቁ ገንዘብ ማርትሬዛ፣ ዝርዝሩ ደግሞ አሞሌ ጨው ነበር። ማርትሬዛ ይዞ አንድ እፍኝ በርበሬ ልግዛ የሚል ሰው መልስ የሚሰጠው ከየት ያገኛል? ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የተጻፈባቸውን የመጀመሪያዎቹን ገንዘቦቻቸውን ፓሪስ አስቀርጸው አመጡ። ሕዝቡ ግን ማርትሬዛዬን አልለቅም አለ። ቀጥሎ 1889 የሚል ያለባቸው የመዳብ ሳንቲሞች መጡ፤ አንደኛዋ የብር አንድ መቶኛ፣ ሌላኛዋ የብር አንድ ሠላሳ ሁለተኛ። መዳብ የድሃ ገንዘብ ነው። ርስትና በቅሎ በጠገራ ይገዛ ይሆናል፤ እናት ለጨውና ለመርፌ ብላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የምትቋጥረው ግን ቀይዋን ነው።

ከጣልያን መውጣት በኋላ፣ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሲታወጅም እንዲሁ ነው። 1፣ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲሞቹ መዳብ ነበሩ፤ ብር የነበረችው 50 ሳንቲሟ ብቻ ናት። ሁሉም ላይ 1936 ተጽፎባቸዋል። በኋላ የተቀረጹትም ያንኑ 1936 ይዘው ቀጠሉ (ዓመት መዋሸቱን ከማርትሬዛ ሳንማር አልቀረንም!)። ስሙኒ ደግሞ የራሷ ጉድ አላት። መጀመሪያ ክብ ነበረች፤ በመጠንም በመልክም ሃምሳ ሳንቲሟን ስለምትመስል ብልጦች ነጭ እየቀቡ በእጥፍ ዋጋ ይገዙባት ጀመር። መፍትሔው ጠርዟን እንደ አበባ መከርከም ሆነ። ክብ ስሙኒ ያገኘ ሰው በእጁ የያዘው የአንድ ዘመን የአራዳ ሥራ ማስረጃ ነው።

እነዚህ የ1936 ሳንቲሞች መጀመሪያ የተቀረጹት አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነው። ይኸው ማተሚያ ቤት ከ1793 እስከ 1857 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ግማሽ ሳንቲም ይቀርጽ ነበር። አዎ፣ ግማሽ ሳንቲም፤ ከመዳብ። ዛሬ ግን አፍቃሪዎቿ በአጉሊ መነፅር የቅጠሏን አቀማመጥና የፊደሏን መዛነፍ እያዩ እያንዳንዷ ከየትኛው ቅርጽ እንደወጣች ይለያሉ። ኮኔቲከትና ኒው ጀርሲ ከነፃነት ማግስት ያስቀረጿቸውን መዳቦችም እንዲሁ ያጠናሉ። ገንዘብ ተርፏቸው ነው ትሉ ይሆናል። ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን መዝግበው፣ ጽፈው፣ አስተምረዋል። መጻፍ ደግሞ ሀብታም መሆንን አይጠይቅም።

የሚገርመው እኛ እነዚህን ሳንቲሞች ከእጃችን ብንጥልም ከአፋችን አለመጣላችን ነው። "ቤሳ ቤስቲን የለኝም" እንላለን፤ ቤሳ ከሕንዱ ፓይሳ ጋር የሥጋ ዝምድና አላት። "አንዲት ድምቡሎ አይሰጥህም" እንላለን። ሃምሳ ሳንቲምን ሽልንግ ብለን የኖርነው ከ1933 በኋላ በእንግሊዞች እጅ የገባው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በሁለት ሒሳብ በአንድ ብር ስለተመነዘረ ነው። የአገር ታሪክ በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጧል፤ ቃሉን የምናውቅ ብዙዎች ግን ሳንቲሟን አይተናት አናውቅም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? እኔ የምለው ቀላል ነው። መጀመሪያ፣ ለቤተሰብ ቀያይ ሳንቲሞች ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ታሪካቸውን ጠይቁ። የማን ነበሩ? በምን ተገኙ? ምን ገዙ? መልሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ እባካችሁ በሎሚና በአመድ አትፈግፍጓቸው። መዳብ በዘመናት የለበሰው ቀለም አንዴ ከተገፈፈ አይመለስም።

ሦስተኛው ጠንከር ይላል፦ ከመሬት የወጣ የአክሱም ሳንቲም አትግዙ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዛል። ግን ነገሩ ሕግ ብቻ አይደለም። ሳንቲሟ የተገኘችበት ቦታ ከጠፋ ግማሽ ታሪኳ ጠፋ ማለት ነው። አክሱም ላይ ብዙ የመዳብ ሳንቲሞች በግሪክኛ ቋንቋ "ይህ ሀገርን ደስ ያሰኝ" የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ተቀርጾባቸዋል። ልብ በሉ፣ ይህ ቃል የተጻፈው ሕዝቡ በየቀኑ በሚነካው መዳብ ላይ ነው። ለሀገር ደስታ የተቀረጸ ነገር ገበሬ አውጥቶት፣ ደላላ ወስዶት፣ በባዕድ አገር ጨረታ ላይ ሲወጣ ማን ነው ደስ የሚለው?

ከነሐሴ 2015 ወዲህ ወደ ሀገር ቤት መሄዱ እንደ ድሮው አልቀለለኝም። ባለፈው አያቴ ጋ ደወልኩና ኪሴ ገብታ ስለቀረችው አምስት ሳንቲም ጠየቅኋቸው። "እማማ፣ ያቺ ቀይ ሳንቲም ድሮ ምን ትገዛ ነበር?"

"እሷማ የእንቁላል ዋጋ ናት" አሉኝ። "ልጅ ሆኜ እናቴ የራስሽ ትሁን ብላ አንዲት ዶሮ ሰጠችኝ። የመጀመሪያውን እንቁላል ገበያ ወስጄ ሸጥኩና ያገኘሁትን አልበላውም ብዬ ቋጠርኩት።"

"ታዲያ ለምን ለልጆች ሰጧቸው?"

"ማን ጠይቆኝ ያውቃል?"

ከአሥራ ሁለቱ አንዷ እኔ ጋ ናት፤ ወረቀቷም ተጽፎላታል። የቀሩት አሥራ አንዱ አንበሳሜ አቧራ ውስጥ ናቸው። እናንተስ? አያቶቻችሁ ሳጥን ውስጥ ምን አለ? ደላላው ሳይቀድማችሁ ዛሬ ማታ ደውሉ።