ዘሪው ሲወደስ አራሚው ተረሳ

ሜይ 3 ቀን 1962 ሪጃይና በምትባል የካናዳ ከተማ አንድ የቀድሞ የገጠር መምህር 600 ያህል ሐኪሞች ፊት ቆመው ንግግር አደረጉ። ዉድሮ ሎይድ ይባላሉ። የሳስካችዋን ክፍለ ግዛት ፕሪሚየር፣ ማለትም የክፍለ ግዛቱ መንግሥት መሪ ከሆኑ ገና ስድስት ወራቸው ነበር። ሊያስረዱ የመጡት አንድ ሕግ ነው፦ ማንም ሰው ሲታመም ለሐኪም የሚከፈለውን ገንዘብ ሕዝቡ በጋራ ካዋጣው የመድህን ገንዘብ መንግሥት ይክፈል የሚል ሕግ። አዳራሹ ጮኸባቸው። ተናግረው ሲጨርሱ የሐኪሞቹ መሪ ተነሥተው፣ በዚህ ሕግ ሥር አልሠራም የሚል ይቁም አሉ። ከጥቂቶች በቀር አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ሎይድ ይህን ሁሉ በዓይናቸው አዩ። ሕጉን ግን አልሰረዙትም።

(ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካናዳውያን በ2004 በሲቢሲ ቴሌቪዥን «ከሁሉ የሚበልጠው ካናዳዊ ማን ነው?» ተብለው ድምፅ ሲሰጡ የመረጡት ቶሚ ዳግላስን ነበር፤ የአገሪቱ የሕክምና መድህን አባት የሚሏቸውን ሰው። በ«24» ተከታታይ ፊልም የምናውቀው ኪፈር ሰዘርላንድ የልጅ ልጃቸው ነው። ዳግላስ ክብራቸው ይገባቸዋል፤ ከዚያ ላይ ቅንጣት ልቀንስ አልተነሣሁም። ነገር ግን ሕጉ በሥራ ላይ በዋለበት ቀን፣ ሐኪሞች ክሊኒካቸውን ቆልፈው በሄዱበት ቀን፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሎይድ ነበሩ። ሳስካችዋን የስንዴ አገር ናትና ምሳሌዬን ከእርሻ ልውሰድ። ዳግላስ ዘሩ፤ ሎይድ አረሙ። ዘር የሚዘራው ቆሞ ነው፤ ዘሪውን ከሩቅ ሁሉም ያየዋል። አረም የሚነቀለው ጎንበስ ተብሎ ነው።

ሎይድ በ1913 ዌብ ከምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። መምህር፣ ቀጥሎም ርእሰ መምህር ሆኑ፤ የክፍለ ግዛቱን የመምህራን ማኅበርም መሩ። ማስተማር የጀመሩት በክፉው ዘመን፣ በ1930ዎቹ ነው። ድርቁና የአቧራው ማዕበል እርሻውን ባዶ አስቀርቶት ነበር። የመንደር ትምህርት ቤቶች ለመምህራን የሚከፍሉት ገንዘብ አጥተው ደመወዙን በዕዳ ወረቀት ይጽፉላቸው ነበር። በ1944 የዳግላስ ፓርቲ፣ ሲሲኤፍ፣ ምርጫውን ጠራርጎ አሸነፈ፤ በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው የሶሻል ዴሞክራት መንግሥት ተመሠረተ። ቢገር ከሚባል ወረዳ የተመረጡት ሎይድ ገና 31 ዓመት ሳይሞላቸው የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። በዚያ ወንበር ላይ 16 ዓመት ቆዩ።

እኔ የሎይድን ሰብእና የማነበው ከእነዚህ 16 ዓመታት ነው። ክፍለ ግዛቱ ያን ጊዜ ከ5,000 በላይ የትምህርት ወረዳዎች ነበሩት። አብዛኞቹ አንድ ክፍል፣ አንድ ምድጃ፣ ሁሉንም ክፍል የምታስተምር አንዲት መምህርት ያሏቸው ናቸው። እያንዳንዱ ወረዳ የራሱ አስተዳዳሪ ኮሚቴ አለው፤ እያንዳንዱ መንደር ትምህርት ቤቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ያያል። ሎይድ እነዚህን ወደ 60 ገደማ ሰፋፊ ወረዳዎች አሰባሰቡ። የደኻ መንደር ልጅ የሀብታም መንደር ልጅ የሚያገኘውን ትምህርት እንዲያገኝ ሌላ መንገድ አልነበረም። ገበሬው ግን አለቀሰ፤ ልጄን ከመንደሬ ሊወስዱብኝ ነው አለ። ልቅሶው እውነተኛ ነበር። ሕዝብ የሚወደውን ነገር ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መንካት ምን ያህል እንደሚያም ሎይድ የተማሩት ያኔ ይመስለኛል። በ1962 የረዳቸውም ይኸው ነው።

የዳግላስ መንግሥት የሆስፒታል መድህንን በ1947 ጀምሮ ነበር። የሐኪም ክፍያን ለመሸፈን ግን ሌላ 15 ዓመት ፈጀ፤ መጀመሪያ ገንዘቡ መገኘት ነበረበት። ዳግላስ ነገሩ ከልባቸው ነበር። በልጅነታቸው የጉልበት አጥንታቸው ታሞ ዊኒፔግ ውስጥ እግራቸው ሊቆረጥ ሲል አንድ ቀዶ ሐኪም ያለ ክፍያ አድኗቸዋል። የሰው እግር በዕድል መትረፍ የለበትም የሚለው እምነት ከዚያ አልጋ አብሯቸው ተነሣ። በ1960 ምርጫውን በዚሁ አጀንዳ አሸነፉ። በ1961 ግን አዲሱን የኤንዲፒ ፓርቲ በአገር አቀፍ ደረጃ ለመምራት ክፍለ ግዛቱን ለቀቁ። ሎይድ ኖቬምበር 7 ቀን ፕሪሚየር ሆኑ፤ ሕጉ በዚያው ወር ጸደቀ።

ጁላይ 1 ቀን 1962 ሕጉ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዕለት የሐኪሞቹ አድማም ጀመረ። በክፍለ ግዛቱ ከነበሩት 900 ገደማ ሐኪሞች አብዛኞቹ ሥራ አቆሙ። ጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ ድንገተኛ ሕሙማንን ይቀበሉ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ የዘጠኝ ወር ሕፃን ወላጆቹ ሐኪም ፍለጋ ከከተማ ከተማ ሲነዱ ሞተ። ያን ዜና ጠዋት የሰማ መሪ ሌሊቱን እንዴት እንደተኛ አላውቅም። ሎይድና ቤተሰባቸው ዛቻ ይደርስባቸው ነበር። ጋዜጦች በአብዛኛው ተቃወሟቸው። «ሐኪሞቻችንን እናቆይ» የሚል የዜጎች ኮሚቴ በየከተማው ተቋቋመ። የተቃዋሚው ሊበራል ፓርቲ መሪ ሮስ ታቸር የተዘጋውን የምክር ቤት በር ሲረግጡ በፎቶግራፍ ተነሡ።

ስለ ሐኪሞቹ ፍትሐዊ መሆን እፈልጋለሁ። ስስት ብቻ አላነሣሣቸውም። ከእነርሱ መካከል የብሪታንያን መንግሥታዊ የጤና አገልግሎት ሸሽተው የመጡ ነበሩ። መንግሥት ብቸኛው ከፋያችን ከሆነ ነገ ምን መድኃኒት እንደምናዝ ይነግረናል ብለው ከልባቸው ፈርተዋል። ይህ ፍርሃት መልስ ይገባው ነበር። መልሱ ግን የታመመን ሰው ትቶ መሄድ ሊሆን አይችልም ነበር፤ በዚህ ነገር ዛሬም አቋሜ አይናወጥም።

ሎይድ ሐኪሞችን በሕግ አስገድደው ወደ ሥራ መመለስ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። መንግሥት ከብሪታንያ ሐኪሞችን አስመጣ። በሳስካቱን እና በፕሪንስ አልበርት ዜጎች ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ። ጁላይ 11 ቀን ምክር ቤቱ ደጃፍ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰልፈኛ ይጠበቅ ነበር። የመጣው ግን 5,000 ያህል ብቻ ነበር። ሕዝቡ ፈርቶ ነበር እንጂ ሕጉን አልጠላውም። ከዚያ ቀን ወዲህ የነፋሱ አቅጣጫ ተለወጠ።

ያስታረቁት ሎርድ ስቲቨን ቴይለር የሚባሉ እንግሊዛዊ ሐኪምና የሌበር ፓርቲ ሰው ናቸው። ለድካማቸው የጠየቁት ክፍያ በሳስካችዋን ሐይቅ ዓሣ የማጥመድ ሽርሽር ብቻ ነበር። በሁለቱ ወገኖች መካከል እየተመላለሱ፣ አንዱን እየገሠጹ ሌላውን እያባበሉ፣ ጁላይ 23 ቀን ሳስካቱን ላይ ስምምነቱን አስፈረሙ። አድማው በ23ኛው ቀን አበቃ። ሐኪሞች በሠሩት ልክ እየተከፈላቸው እንዲቀጥሉ፣ ከፈለጉም ከመድህኑ ውጭ እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ሁሉም ነዋሪ በአንድ የሕዝብ መድህን መሸፈኑ ግን ሳይነካ ቀረ። ሎይድ አብዝተው ሰጡ የሚሉ አሉ። ሐኪሞች በደመወዝ የሚሠሩባቸውን ክሊኒኮች የማስፋፋቱ ሕልም በዚያ ስምምነት ተዳክሟል፤ ቅሬታው እውነት አለው። እኔ ግን ትክክል ሠሩ እላለሁ። የሚለቀቀውንና የማይለቀቀውን ለይተው ያውቁ ነበር፤ የማይለቀቀውንም አልለቀቁም።

ዋጋውን በ1964 ከፈሉ። የሁለቱ ፓርቲዎች ድምፅ እጅግ የተቀራረበ ነበር፤ የምክር ቤቱ ወንበር ግን ለታቸር አደላ፣ ሎይድም ከሥልጣን ወረዱ። በሩን የረገጡት ሰው ሥልጣን ሲይዙ መድህኑን አልሻሩትም፤ ሕዝቡ በሁለት ዓመት ውስጥ የራሱ አድርጎት ነበር። በ1968 ታካሚ በየጊዜው የሚከፍለው ተጨማሪ ክፍያ ጣሉ፤ ሕዝቡ አልወደደውም፤ በ1971 ታቸር ሲሸነፉ ክፍያው ተነሣ። ሎይድ በዚህ መካከል ተቃዋሚውን ፓርቲ መሩ። በ1970 በራሳቸው ፓርቲ ውስጥ ወጣቶቹን የግራ ክንፍ አባላት በመደገፋቸው ከጓዶቻቸው ጋር ተጋጭተው መሪነቱን ለቀቁ። ለሁለተኛ ጊዜ ላመኑበት ከፈሉ ማለት ነው።

የአንድን ፖለቲከኛ የሥራ ዘመን በምን እንለካ? ሎይድ ፕሪሚየር የነበሩት ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ፓርቲውን እየመሩ በተወዳደሩበት ምርጫ አንድም ጊዜ አላሸነፉም። በቁጥር ከታየ ትንሽ ሰው ናቸው። ግን የፌደራል መንግሥቱ በ1966 ያጸደቀው የሕክምና ሕግ መነሻው በእነዚያ 23 ቀናት ያልፈረሰው መድህን ነው። ሳስካችዋን ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ሌላ ክፍለ ግዛት ለመሞከር የሚደፍር አይመስለኝም።

ካናዳ የምትኖሩ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ በቶሮንቶም ሆነ በኤድመንተን ልጃችሁን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ስትገቡ የምታሳዩትን የጤና ካርድ ታውቁታላችሁ። ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ስለ ዳግላስ ሲነግሯችሁ ስለ ሎይድም ንገሯቸው።

ሎይድ ፖለቲካውን ከተዉ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተቀጥረው ወደ ደቡብ ኮሪያ ሄዱ። ኤፕሪል 1 ቀን 1972 የዩኮን ግዛት አገር አቀፉን የሕክምና መድህን ተቀላቀለ፤ በዚያም መላ ካናዳ ተሸፈነ። ሎይድ ከስድስት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 7 ቀን፣ በ58 ዓመታቸው ሴኡል ውስጥ ሞቱ።