ሪባኑ ያልተቆረጠበት ቀን

የበርሊን አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ 9 ዓመት ዘግይቶ መከፈቱ በተነሳ ቁጥር እኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት ሰው ይስቃል። አንዱ «ጀርመንም ለካ እንዲህ ናት!» ብሎ የሚጽናና ነው። የጀርመን ዕቃ ሲባል አይበላሽም ብሎ ያደገ ሰው ነውና አይፈረድበትም። ሁለተኛው የእኛ ሥራ ተጓተተ በተባለ ቁጥር በርሊንን ለምስክርነት የሚጠራ የሹም ጠበቃ ነው። ጠቤ ይበልጡን ከዚህኛው ጋር ነው።

መጓተቱስ እውነት ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀመረ፤ በ2011 ይከፈታል ተባለ፤ ወደ ጁን 3 ቀን 2012 ተገፋ፤ የተከፈተው ግን ኦክቶበር 31 ቀን 2020፣ ኮሮና መንገደኛውን ሁሉ ቤቱ ባስቀመጠበት ሰሞን ነው። ወጪው ከእጥፍ በላይ አደገ። በእነዚያ ዓመታት ከምድር በታች ያለው የባቡር ጣቢያ አየር እንዲያገኝ ተብሎ ባዶ ባቡር ይመላለስ ነበር። የበረራ ሰዓት የሚያሳዩት 750 ስክሪኖችም አንድ መንገደኛ ሳያያቸው አርጅተው በ2018 ተለወጡ።

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ግንባታው እየተካሄደ ንድፉ ይለዋወጥ ነበር። ዋናው ግን ጭስ ነው። የጣሪያው ውበት እንዳይበላሽ ተብሎ ጭሱ ወደ ታች ተስቦ በወለል ሥር እንዲወጣ ታቀደ። ጭስ ወዴት እንደሚሄድ ጎጆ ቤት ያደገ ልጅ ይነግራቸው ነበር! በሮቹ ከእሳት አደጋ መቆጣጠሪያው ጋር ተናበው እንደማይሠሩ ሲታወቅ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን በየበሩ አቁሞ በእጅ ማስከፈት ታሰበ።

እንግዲህ የሹሙ ጠበቃ የማይተርከው ክፍል እዚህ ላይ ይመጣል። የአውሮፕላን ማረፊያው ባለቤቶች የበርሊንና የብራንደንቡርግ ግዛቶች እንዲሁም የፌዴራሉ መንግሥት ነበሩ። የቦርዱ ሊቀመንበር የበርሊን ከንቲባ ክላውስ ቮቨራይት ነበሩ። የመጠቀሚያ ፈቃዱን የሚሰጠው ግን የዳህመ-ሽፕሬቫልድ ወረዳ የሕንፃ ሹም መሥሪያ ቤት ነው። ወረዳው ፈቃድ አልሰጥም አለ። በሜይ 8 ቀን 2012፣ ለመክፈቻው አራት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ቀኑ ተሰረዘ።

ወረዳው ግትር ሆኖ አይደለም። በ1996 በዱስልዶርፍ አውሮፕላን ማረፊያ በብየዳ ሥራ የተነሳ እሳት 17 ሰዎች ገድሏል፤ ብዙዎቹን የፈጀው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው።

ስለዚህ በርሊንን የሚጠቅስ ሰው ሁለቱን ነገር ለይቶ ይጥቀስ። የዘጠኝ ዓመቱ ጥፋት ያለቀ በማስመሰል የተደበቀው ሥራ ነው፤ የወረዳው እምቢታ ግን በዚያ ሁሉ ዝርክርክነት መሐል በአግባቡ የተሠራው ሥራ ነበር። እኛ ስንቱን የውኃ መስመር፣ ስንቱን ጤና ጣቢያ ለበዓል ለማድረስ ሳያልቅ መርቀናል? ሪባኑ ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ እንግዶቹ ሲመለሱ በሩ ይቆለፋል። ይህን የመሰለው መዘግየት ደግሞ በመዘግየት መዝገብ አይገባም፤ ተከፍቷል ተብሎ ተነግሯላ!

ቢሾፍቱ አጠገብ ለሚሠራው ታላቅ አውሮፕላን ማረፊያም የመክፈቻው ዓመት ከወዲሁ ተነግሯል። እኔ ግን ስለ ዓመቱ አልጠይቅም። የጭስ ማውጫውን አይቶ የሚፈርመው ባለሙያ ማን ነው? አልፈርምም ባለ ማግስት ቢሮው ሲገባ ወንበሩን ያገኘው ይሆን?