አንድ ስም በአንድ ፊደል

ስለ አማርኛ ጽሑፍ ሥርዓት ሲነሣ፣ ጉዳዩ ለቋንቋና ለሥነ ጥበብ ኮሌጆች ብቻ የተተወ ይመስላል። እኛ ግን የሳይንስ ተማሪንም በቀጥታ የሚነካ ነው እንላለን።

የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ እንመልከት። መካነ ሰላም ላይ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ አጅባር ደግሞ የአማራ ሳይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የቦረና ሳይንት ወረ ሂመኖ ብሔራዊ ፓርክም በዚሁ አካባቢ ይገኛል። የስፍራው ስም ግን በአንዱ ጽሑፍ «ሳይንት»፣ በሌላው «ሣይንት» ተብሎ ይጻፋል። ለጆሮ ልዩነት የለውም፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በገባበት የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የ«ሣ» መለያ 1223፣ የ«ሳ» ደግሞ 1233 ነው። ስለሆነም ስለ ጭላዳ ሊያጠና የተነሣ የአጅባር ልጅ በአንዱ ፊደል ቢፈልግ፣ መፈለጊያው ሁለቱን አንድ አድርጎ እንዲያይ ካልተዘጋጀ በቀር፣ በሌላው የተጻፈውን አያገኝም። የተደከመበት ጥናት እንዳልተሠራ ሆኖ ይቀራል።

በሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ክርክሩ የቆየ ነው። አንዱ ወገን ድምፃቸው አንድ ከሆነ ይቀነሱ ይላል። ሌላው፣ በግእዝ «ሠረቀ» የፀሐይን መውጣት፣ «ሰረቀ» ደግሞ ስርቆትን ስለሚያመለክት፣ የቃሉ ሥር ይጠበቅ ይላል። እኛ ለሁለተኛው ብናደላም፣ ከሁለቱም የሚከፋው ሁሉም በየፊናው መጻፉ ነው እንላለን።

ስለዚህ እያንዳንዱ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ከሳይንስ ባልደረቦቹ ጋር መክሮ አጭር ደንብ ያውጣ። ለተለመዱ ቃላት አንድ መዝገበ ቃላት ይምረጥ፤ የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) ወይም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ (1993 ዓ.ም.) ሊሆን ይችላል። ለቦታ፣ ለዕፅዋትና ለእንስሳት ስሞች የራሱን ዝርዝር ያዘጋጅ። ከእያንዳንዱ ዘመን ጋር ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መጻፉን ግዴታ ያድርግ፤ በዝናብ መዝገብ ላይ የ7 ወይም የ8 ዓመት መዛነፍ መደምደሚያን ያፋልሳልና።

ደንብ የደራሲን ነጻነት ያስራል የሚሉ ይኖራሉ። ገጣሚው በግጥሙ እንደ ወደደ ይጻፍ። የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ከጸሐፊው በኋላ ለሚመጣው አንባቢ የሚቀመጥ ስንቅ ነው፤ የተቀመጠበት ካልታወቀ ደግሞ ስንቅ አይባልም። ተማሪዎችም ደንቡ እስኪወጣ ሳትጠብቁ፣ ዛሬ በምትጽፉት ወረቀት አንዱን ስም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በአንድ ፊደል ጻፉ።