የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ አሻንጉሊት ሲዘባበት

ይህ እትም ጎልማሶችን ስለሚያስቀው የቴሌቪዥን የአሻንጉሊት ተውኔት የተሰናዳ ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ ናይሮቢ ከመድረሳችን አስቀድሞ ወደ ደነባ ዘወር እንድንል ይፈቀድልን። ደነባ መቀመጫው የሆነችለት የሲያደብር አገር ተወላጅ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ የመኳንንቱን ነውር በእንስሳት አንደበት ገልጠው «የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ባሳዩ ጊዜ፣ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ተቈጥተው ተውኔቱን ከለከሉ፤ (ከታዳሚው አንዳንዱ በካባው ሥር ሳይስቅ አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ።)

ኬንያውያን እ.ኤ.አ. በ2009 በጀመሩት «ዘ ኤክስ ዋይ ዜድ ሾው» የሹማምንቶቻቸውን መልክ በጎማ ቀርጸው በአደባባይ ሲዘባበቱባቸው፣ በእኛ ዘንድ ግን አሻንጉሊት ይበልጡን ለሕፃናት ተመድቦ፣ ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ፊደልና ንጽሕና ታስተምራለች፤ ሠናይ ምግባር ነው፣ አልነቅፈውም። ለአባትዬው የሚሆን አሻንጉሊት ስለምን እንደ ዘገየ ግን ጸሓፍያኑ በሚከተሉት ገጾች ይከራከሩበታል።